መጀመሪያ የሚወጣ

ክረምቱ ሳይመጣ፣
ገና በግንቦት፣ በበሩ ጀርባ፣ በአራት ሚስማር መትታ፣
ትርንጎ የሰቀለችው ወረቀት፦ «መጀመሪያ የሚወጣ»።

አንድ፣ ባለ ሐረጉ ወንጌል፤ ሁለት፣ ሥዕል ያለበት ተአምር፤
ሦስት፣ ዜና መዋዕሉ፣ ከነማኅደሩ፣ ጠፍሩ እንዳይቀር፤
እየወረደ እየወረደ፣ ብዕሩም የደከመው ይመስላል፣
ዘጠነኛው ላይ፦ «የገበያ ቀረጥ መዝገብ፣ ጊዜ ከተረፈ» ይላል።

ታለማምደን ነበር፣ ጡብ በአቡጀዲ ጠቅልላ፣
«ይህ ወንጌል ነው፣ ሩጡ!» ብላ፤
እኔ አንዴ ጣልኩት፣ እግሬ ላይ፤
«ወንጌል ሰበርክ» አለችኝ፣ እግሬን ሳታይ።

ዘበኛው አዛናው ጋቢውን ተከናንቦ ሲስቅ፦
«ግንቡ ይህን ሁሉ ዘመን ቆሞ፣ ወረቀት ለዝናብ ሊጨነቅ!»
«ድንጋይማ ቢፈርስ» አለችው፣ «ሰው ካለ መልሶ ይካባል፤
ቀለም አንዴ ከሄደ ግን፣ ወዴት ሄደ ተብሎ ይፈለጋል?»

በሐምሌ ገብርኤል ሌሊት፣ አንገረብ ሲያጓራ ከሩቅ፣
በረዶ አሸንዳውን ደፍኖ፣ ኮርኒሱ ሲያብጥ ሲሰነጠቅ፣
መብራት ጠፋ።
በባትሪ ሮጥን፤ እጃችን ያውቀዋል፣ ጡብ ነው ያስተማረው፤
አንድን አወጣን፣ ሁለትን አወጣን፣ ሦስትን አዛናው አቀፈው።

ግን ውሃ ዝርዝር አያውቅም፣ ማዕረግም አያከብር፣
ከታች ነው ማንበብ የሚጀምር፤
ዘጠኝ ቁጥር፣ ከወለሉ ስንዝር፣
ቀድሞ ጠጥቶ አብጦ ነበር።

ሲነጋ፣ «ፀሐይ እንዳያገኘው!» ትላለች ድምጿ ሻክሮ፤
ፀሐይ ያየ ብራና ይወጠራል እንደ ከበሮ፣
ይኮማተራል፣ ከዚያ ወዲያ አይታጠፍም።
በአዳራሹ ጥላ ዘርግተን፣ ጠርዝ ጠርዙን በጡብ አስያዝን፣
በዚያው ወንጌል ሲባል በከረመው ጡብ።
ጸጉር አስተካካዩ ቢሻው ቬንትሌተሩን ነቅሎ አመጣልን፤
በየገጹ መሃል ጋዜጣ፤ በየሰዓቱ
ርጥብ ዜና አውጥተን፣ ደረቅ ዜና አስገባን።

ቀዩ ቀለም ሮጦ ነበር፤ የድንግል ስም፣ የጻድቃን ስም፣
ተሻግሮ ከፊት ለፊቱ ገጽ ላይ፣ ተገልብጦ፣ እንደ ሕልም።
ጥቁሩ ግን፣ ከጥላሸት የተቀመመው፣ ወይ ፍንክች፤
በጠርዙ፣ በደቃቁ፣ የጸሐፊው ቃል እንዳለ፦
«ብርድ ነው፤ እጄ ደነዘዘች።»

ሁለት ቅጠል ጠፋ። በቦዩ፣ በአጥሩ ሥር፣ እስከ ድልድዩ ፈለግን፤
የሠፈር ልጆች ጭቃ የያዘ ወረቀት ሁሉ አመጡልን፣
የፈተና ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የሎተሪ ቁራጭ፤
«እሱም የሰው ነው» ብላ አደረቀችው፣ አንዱን ካንዱ ሳትመርጥ።

በሦስተኛው ቀን መዝገቡን ገለጥነው፣ እንደ ራሰ ዳቦ፣ በፍርሃት፤
ጋዜጣ የሚያቀብለን አዛናው ድንገት ቆመ፣ አጎንብሶ አነበበ፦
«ማር፣ ሦስት ገንቦ። ባለቤቱ እንየው ወልደ ሐና፤
ቀረጥ ሳይከፍል በቀሃ በኩል አመለጠ።» ዝም አለና፣
«አያቴ ናቸው» አለ። ሳቅን። እሱም ሳቀ፤
ኋላ ግን ወደ ትርንጎ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አርጎ ጠየቀ፦
«ያችን ቅጠል... አደራ፣ በደንብ ትድረቅ።»

በመስከረም አዲስ ወረቀት ሰቀለች፣ ሚስማሩ በዚያው ቀዳዳ።
«መጀመሪያ የሚወጣ፦ ከታች ያለው ሁሉ።»
ሌላውን ገና አልጻፈችውም።
ከግርጌው ብቻ፦ «የጎደለ፣ ሁለት ቅጠል»፤ ከጎኑ ባዶ ቦታ፣
የተመለሱበት ቀን የሚሞላበት፣ በእርሳስ አስምራ ትታ።