ያልተነካው ሳህን

ሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ ቱርኩ በረዶ ለብሳ፣
ወንዟ ስሙ አውራ፣ መምራት ቀርቶ መሄድ የረሳ፣
ከነጀልባው ደርቋል።
አምስተኛው ፎቅ ላይ አንድ መብራት በርቷል።

ኬርቱ ናት፤ ሳህን ጠባቂ፣
ሰላሳ ዓመት ሙሉ ጓንት አጥላቂ፣ ጓንት አውላቂ፣
ፕሮፌሰር ሲተኛ
ለሕዋስ ምግብ ቀያሪ፣
የሞተ ቆጣሪ፣ የቀረ ቆጣሪ።

ዛሬ ከማይክሮስኮፑ ሥር ያለው ስብ ነው፤
የታውኖ ሬፖ ስብ፣ ቡአው ሲታከም ሐኪም ያወጣው፣
ማንኪያ የማይሞላ፣
"ከጠቀማችሁ ውሰዱት" ብሎ የሰጠው።

ታውኖ መርከብ በያጅ፤
አርባ ክረምት ሙሉ ብረት ከብረት ያጋባ በእሳት።
የመርከብ ግቢው ሲዘጋ "ሌላ ሙያ ተማር" አሉት።
ሄደ፤ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ፤
በሁለተኛው ሳምንት ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አመለጠ።
"በስልሳ ዓመት ማን ይለወጣል?" አለ ፎርሙን ሲፈርም፤
ተረቱም ከእሱ ጋር ነው፦ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ኬርቱ አልመለሰችም። የምታውቀው ይኼን ነው፦
እያንዳንዷ ሕዋስ መጽሐፉን ይዛለች፤ አንድ ፊደል አልጎደለው፤
የልብ ምዕራፍ፣ የአጥንት፣ የዓይን ብሌን፣ የጥፍር፣
ሁሉም አለ፣ ሳይቀር።
ግን ከፊደሉ ራስ ላይ ቅንጣት ማኅተም ተቀምጣ
"እዚህ አይነበብም" ትላለች፤
የስብ ሕዋስም የስብን ገጽ ስትደግም፣ ስትደግም፣ ታረጃለች።

መድኃኒቱ ፊደል አይጨምርም፣ ፊደል አይፍቅም።
ሕዋሷ ለሁለት ልትከፈል መጽሐፏን ስትገለብጥ
በአዲሱ ቅጂ መሃል ሾልኮ ይገባና
ማኅተም መቺውን እጅ ይይዘዋል፤ አይለቅም።
ለእኛ፣ በዚህ ፊደል ለምንጽፍ፣ ነገሩ ሩቅ አይደለም፦
"ስብ" ብለህ ጻፍ፤
ከ"ስ" ራስ ላይ ያቺን ጭረት አንሳ፤
"ሰብ" ትላለህ፣ ሌላ ምንም ሳትነካ፣ ሳትረሳ።

ሁለት ቀን መድኃኒቱ፤ ከዚያ ማሳደጊያው፤ ከዚያ መጠበቅ።
በአሥረኛው ቀን ሕዋሷን የሞላችው የዘይት ጠብታ
ተሰነጣጠቀች፤
በአሥራ ስድስተኛው የለችም።
ሕዋሷ ቀጠነች፤ እግር አወጣች፤
ጎረቤቷን ነካ አድርጋ
ምን እንደምትሆን ሳታውቅ ቆመች።
በአምስተኛው ሳምንት፣ የአጥንት ምግብ የቀመሰችው
ጠጠር ቋጠረች።

ሁሉም አልሰመረም ደግሞ።
ሦስተኛው ሳህን ላይ መጠኑ በዛ፤ አለቁ።
ሰባተኛው ላይ መርሳት ጣማቸው፤
ረሱ፣ ረሱ፣ እላይ በላይ ተከመሩ፤ ማቆምንም ረሱ።
ኬርቱ የሚያሰኘውን ስም አልጠራችም፤
በረኪና አፈሰሰችባቸው።
መዝገቡ ላይ "ተወግዷል" አለች፤ ቀኑን ጻፈች፤
እጇን ከወትሮው አስረዝማ ታጠበች።

ሐሙስ ታውኖ መጣ፤ የሱፍ ቆቡን ጨብጦ።
ዓይኑን በበያጅ ልማድ አጨንቁሮ አጎነበሰ።
"ይኼ እኔ ነኝ?"
"ነበርክ። አሁን ገና አልወሰነም።"
ዝም አለ። የዚያ አገር ዝምታ ረጅም ነው፤
መሃሉ ማንም አይገባም።

ከዚያ፦ "ያልነካችሁትስ የለም?"
አለ፤ ለማነጻጸሪያ የተቀመጠ፣ መድኃኒት ያልቀመሰ።
አወጣችለት። ታውኖ እንደገና አጎነበሰ።
ክብ ክብ፣ ሙሉ ሙሉ፣ ወርቅማ፣
ጎን ለጎን ተደርድረው
እንደ መርከብ መስኮት፣ ከውስጥ መብራት እንዳለ።
እዚህኛው ላይ ቆየ፤ ከፊተኛው ይልቅ ቆየ።
"እነዚህ ሥራቸውን አልለቀቁም" አለ።

ቆቡን አጠለቀ፤ በሩን ከፈተ፤
ኮሪደሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤
አንገቱን ብቻ አስገባ፦
"እነዚህንም አብያቸው።"