ማን አለን?

ቅዳሜ ሊመሽ ሲል፣ ጀልባ ሲታሰር ከዳሩ፣
ከእናንየ አሳ ቤት፣ ከሾላው ዛፍ ከሥሩ፣
ቆርኪ ደርድረናል በቆርቆሮው ገበታ፤
የነገው ጨዋታ እዚህ ዛሬ ማታ
ተጀምሯል።

የቢራው ቆርኪ እኛ፣ የለስላሳው እነሱ፣
አሥር አሥር ሆነው ሜዳውን አለበሱ።
በረኞቹ ደግሞ ጨውና ሚጥሚጣ
(ሚጥሚጣው የኛ ነው፣ ክርክር እንዳይመጣ)።

አንሙት ቁልፉን በጣቱ እያዞረ፣
«አራት አራት ሁለት!» ብሎ ጀመረ፤
«መሐሉን ተዉልኝ! ያ ስድስት ቁጥራቸው
ሰባ ደቂቃ ሲያልፍ ዳገት ላይ ያለች ባጃጄ ነው፤
ጭሱ ነው የሚሮጠው።»

ሳቅን። ልብስ ሰፊው ጋሽ ባንታየሁ አልሳቀም።
«መሐል ጨርቁስ ይሁን፣ እሺ፣ አይቀደድም፤
ግን ልብስ በስፌቱ እንጂ በመሐል አይተረተርም»
አለና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
ወደ ቀኝ ጥጋችን ጠቆመ ቀስ ብሎ።

እዚያ ጠርዙ ላይ፣ ከሁሉም የራቀች፣
አንዲት ቢጫ ቆርኪ ፀሐይ ትሞቃለች።

«አለኸኝን ማን ይይዘዋል?»

«ደጀኔ! ስሙ ራሱ ደጀን አይደል?»
«ደጀኔን ጉንፋን ይይዘዋል እንጂ
እሱ ማንን ይዞ ያውቃል?»
«ሁለት ሰው ይመደብ።» «ሁለቱን ካለፈስ?»
«ሦስት!» «በረኛው ብቻውን ያልቅስ?»
«ዝናብ ይምጣ በሉ! ሌላ ምን ይበጃል፣
ሰው ያልያዘውን ሰው ጭቃ ይይዘዋል።»

እናንየ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ከዘይቱ ፊት ቆማ፣
ቀረሶ ትገለብጣለች፣ እንዳልሰማች ሰምታ።

አለኸኝ ልጇ ነው።
ሁላችንም እናውቃለን፤
ነገር ሲሞቅ ግን እንረሳለን።

እኔ አብሬው አድጌያለሁ፣ በዚሁ ዳርቻ፤
ኳሳችን ካልሲ ነበር፣ በካልሲ ላይ ካልሲ ብቻ።
ሐይቁ ሲወስዳት ደንገሉን አልፎ ሚዋኝ፣
ውኃ ጠጥታ ከብዳ ይዟት ሚመለስ
እሱ ነበር።
ሦስት ዓመት ሞከሩት፤ «ቀጭን ነው» ብለው መለሱት።
በጎርጎራ በኩል ዞረው የማዶዎቹ ወሰዱት።

አንድ አመል አለችው።
ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ሲል፣ አንድ እርምጃ አስቀድሞ
የማሊያውን አንገት ይነክሳል።
እሷ በቁንጥጫ ልታስተወው ደክማለች፤
የሸሚዙን አንገትጌ ስንቴ ጥፋለች!
አሠልጣኝ አላያትም፣ ተከላካይ አላያትም፤
ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቃት ሰው የለም።

እና አፌን ከፈትኩ።
ሦስት ነጥቡ በሙሉ ምላሴ ላይ ነበረ፤
«ስሙኝማ» ስል የሁሉም ፊት ወደ እኔ ዞረ።

የእሷም ዞረ።

መጣች። ያላዘዝኩትን፣ ከሳህኑ የሚተርፍ፣
ቀረሶ አኖረችልኝ፣ ከነጭራው፣ ከነክንፍ።
«አጥንት አለው» አለችኝ፣ ሎሚውን እየጨመቀች፤
«ወሬ እያወሩ አይበላም።»

ዝም ብዬ በላሁ።

አንሙት፣ ነገሩ ያልገባው ወይ የገባው፣ እንጃ፣
«አንቺስ እናንየ፣ ነገ ማን አለሽ?» አላት፣
በሳቅ ሊጠልፋት።
እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ሐይቁን አሻግራ እያየች፣
«አለኸኝ» አለች።

ማንም አልመለሰ።
ነፋስ ከውኃው ተነሥቶ ቆርኪውን በታተነው፣
የኛን ከነሱ ጋር ቀላቅሎ አፈሰሰው።

ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእነአንሙት ጋር ቆሜ
«ያዙት! ያዙት!» እላለሁ፣ እስኪሰለል ድምፄ።
ማሊያውን ሲነክስ ግን፣ ከሁሉም ቀድሜ፣
ሕዝቡ ጥጉን ሲያይ፣ እኔ ብቻዬን
ወደ ውስጥ ይዞራል አንገቴ።