ጨው ላይ

ከቱዊላ ወጣን፣ ዶሮ ሳይጮኽ ገና፣
እኔ መሪውን ይዤ፣ ከጎኔ ላቮና፤
ከኋላ ተጎታች ላይ፣ በሰንሰለት ታስሮ፣
የሰባት ክረምት ሥራ፣ ሸራ ለብሶ አድሮ።

ገላው የድሮ አውሮፕላን የነዳጅ በርሜል ነው፣
ከእርሻ ዕቃ ጨረታ በአርባ ዶላር የገዛችው፤
ሞተሩ በረዶ ላይ ሲጋልብ የኖረ፣
ባለቤቱ ሲሞት ጎተራ የቀረ፤
መቀመጫው የትራክተር፣ መሪው የጀልባ፣
ብየዳው የራሷ፤ አንዱ ጠባሳ፣ አንዱ አበባ።

ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ስትጠግን ኖራ፣
ፍጥነቱ የተለጎመ፣ ጥምዝ የሚፈራ፣
ጡረታ በወጣች ማግሥት ይህን ጀመረች፤
«ለምን?» ያላትን ሁሉ፣ «መፍቻ አቀብለኝ» አለች።

ዌንዶቨር ስንደርስ ነጋ።
ምድሩ ጨው፣ እስከ ዓይን ማብቂያ ጨው፤
ተረቱ ትዝ አለኝ፣ ለሷ ባልነግራትም፣
«ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለው።

ሽማግሌው መርማሪ ቀበቶዋን ሳበ፣
ብየዳውን በባትሪ አየ፤ ጥቂት አሰበ፤
«ማን ነው የበየደው?»
«የምትነዳው።»

አንደኛው ማርሽ ከብዶት በራሱ አይነሣ፤
በፒክአፕ አፍንጫ ከኋላ ገፋሁት፣
እስኪያስነጥስ፣ እስኪያገሳ።
ከዚያ ተላቀቅን። ብርቱካናማ ነጥብ ሆነች፣
ነጥቧም ሟሟች፤ ድምፅ ብቻ ሆና ቀረች።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ክብረ ወሰኑ
መቶ ስድሳ አንድ ነጥብ ሁለት ነበረ፤
የሷ፦ መቶ ስድሳ ነጥብ ዘጠኝ።
ሰውዬው ደገመው፤ ቁጥሩ አልተቀየረ።

አምስቱን ማይል ነዳሁ፣ ማጽናኛ ቃል ስፈልግ፤
«አይዞሽ» ልበል? «ለከርሞ»? ወይስ ዝም ላድርግ?

ደረስኩ። የራስ ቁሯን አውልቃ፣
ጆሮዋን ከትኩሱ ቆርቆሮ አስጠግታ፣
በጣቷ «ዝም» አለችኝ፣ እንደ ሐኪም ተረጋግታ።
«ስማው፤ ሲበርድ እዚህ ጋ ይንቋቋል።
አራተኛው ብየዳ ለቋል።»

ከንፈሯ ጨው ለብሷል። በምላሷ ጠረገችው፤
አልተኮሳተረች፣ አልሣቀች፤ ቀመሰችው።
ዓይኗን ከብየዳው ሳትነቅል
እጇን ብቻ ዘረጋች፣ ቃል ሳትናገረኝ፤
መፍቻው ኪሴ ነበር፣
ከሌሊት ጀምሮ ሲጎረብጠኝ።