ቤት ያልመታ ቤት

ሻርጃ ላይ፣ ከስድስተኛ ፎቅ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣
ቪላ ነው የምስለው፤ አንድ ዓይነት ናቸው ሁሉ፦
የወንዶቹ መጅሊስ ከፊት ለፊት፣ በትልቁ፣
የሴቶቹ ከጓሮ፣ ዓይኖች እንዲርቁ፣
ጥላ ያለው ማቆሚያ፣ ለአራት መኪና፣
ለጭልፊቱም ክፍል፤ ባለ መስኮት፣ ደህና።

ከኩሽናው በስተኋላ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣
አንዲት ጠባብ ባዶ ትቀራለች፤ እሷን
ሚስተር ቫርጊስ፣ አለቃዬ፣ በገባሁ በሳምንቱ፣
በቀይ እስክሪብቶው ነክቶ መከረኝ በትዕግሥቱ፦
«መኝታ ብለህ ከጻፍክ፣ መስኮት ይላል ደንቡ።
ስቶር በል፤ ዕቃ አይተነፍስ። ይኸው ነው ሒሳቡ።»
አንዲት ቃል ናት፤ ጻፍኳት። እጄም አልተንቀጠቀጠ።
የማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም ጥርት ብሎ ተቀመጠ።

ስመረቅ፣ ጋውን ለብሼ፣ ቀኝ እጄን አንስቼ፣
«ለሰው ልጅ ክብር» ብዬ ነበር፤ ያውም ድምፄን አጽንቼ።

ባለፈው ሰኔ ነው። የቪላ አሥራ ሰባት ጌታ
ሊፍት አማረውና ላከብን ለልኬታ።
የሌዘር ሜትሬን ይዤ፣ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣
ሳሎኑን፣ ደረጃውን፣ ኩሽናውን ጠንቅቄ፣
ከጥጉ በር ደረስኩ። ገርበብ ብሏል በሩ፤
ነጠላ ጫማ ተሸጉጦበታል፣ እንዲዘልቅ አየሩ።

ፍራሽ። ከሥሩ የፍሪጅ ካርቶን።
የውኃ ማሞቂያው ቧንቧ ላይ የተሰቀለ ቀሚስ።
መስገጃዋ በሰያፍ ተዘርግታለች፤
ቂብላ በየት በኩል እንደሆነ ስስል አልጠየቅኩም።
ሌዘሩን ተኮስኩ፦ አንድ ሜትር ከሰባ፣ በሁለት ሜትር ከአምስት።
ንድፌ አልተሳሳተም። አንዲት ሴንቲ አልዛነፈም።
ግጥም የሚያውቅ ይቅር ይበለኝ፤
እዚህ ላይ ቤት አይመታም።

«ያገሬ ሰው መሰልከኝ!» አለች፣ እጇን በሽርጧ ስታብስ፤
ጦይባ ይማም፣ የባቲ ልጅ፤ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ስትተኩስ፣ ስትጠብስ።
ወንበር የለም፤ ፍራሹን አሳየችኝ፦ «ተቀመጥ እንጂ፣ ምነው?»
እኔ ቆምኩ። እሷ ግድግዳውን ዳሰስ አድርጋ፦ «ያው ነው፣
በጋው ይከብዳል እንጂ፣ ደግ ናቸው ሰዎቹስ።
መስኮቷን የሠራው ሰው ረስቷት ነው መቼስ፤
ሰው አይደል? ይረሳል። ያን ሁሉ በር ሲያስብ፣
ያን ሁሉ ደረጃ፣ ያን ሁሉ መብራት ሲያሰባስብ፣
አንዷ ብታመልጠው አይፈረድበትም።»
«አዎ፣ ረስቷት ነው» አልኳት። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ምሕረቷን እንደ ሲሚንቶ በጫንቃዬ ተሸክሜ
ወጣሁ ወደ መኪናው፤ ቁልፉን ይዤ ቆየሁ ቆሜ።
ስድሳ በስድሳ ትበቃ ነበር። አምስት ብሎኬት መቀነስ።
አንድ የአልሙኒየም ፍሬም፣ ከጭልፊቱ የምታንስ።
ጥፋቱን ላካፍል ሞከርኩ፦ ገንዘቡ የባለቤቱ፣
ብሎኬቱ የግንበኛው፣ ማኅተሙ የመንግሥቱ።
የኔ ድርሻ ምን ቀረ? አንዲት ቃል። ያቺው ቃል ብቻ።
እሷ ናት ግን ለሰው ልጅ የሆነችው መክተቻ።
«ወረቀት ነው» እንላለን። ወረቀት ሲሚንቶ ይጠጣል፤
ሰው ደግሞ ገብቶ፣ እግሩን አጥፎ፣ በቃላችን ልክ ይተኛል።

የሊፍቱን ንድፍ ስጨርስ፣ ማንም ሳይልከኝ ወደ ጥጓ ዞርኩ፤
«ስቶር»ን አጠፋሁና «መኝታ» ብዬ ጻፍኩ።
ሰኞ ቫርጊስ ሰረዘው፦ «ይኼ ከውላችን ውጭ ነው።»
ማክሰኞ መልሼ ጻፍኩ። ረቡዕ ደግሞ አጠፋው።
ሐሙስ፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን፣ ወንበሬ አጠገብ መጣና
«ስንት ብሎኬት ነው?» አለኝ፣ ድምፁ ዝቅ አለና።
«አምስት።»
አልፈረመም። ቀይ እስክሪብቶውን ትቶልኝ ወጣ።
ጦይባ ይኼኔ ተኝታለች፣ በሩ ላይ ጫማዋን ሸጉጣ።
እኔም አፍጥጬ ቀረሁ፣ «መኝታ» የሚለው ላይ፣ ማታ፣
ያቺ ቃል ግድግዳ ሰርስራ ወጥታ፣
ቤት እስክትመታ።