አጥር ያለው ምድጃ

ራንቫ አራት ዓመቷ ሊሞላ ሲቃረብ፣
ምን ይገዛልሽ ብንላት አልፈጀባት ማሰብ፤
"ወጥ ቤት" አለች፣ "የኔ። ከኔ የማይረዝም።
የምድጃው በር የሚከፈት፤ ሥዕል አልፈልግም።"

ባሌ ሆግኒ የመርከብ ወጥ ሠሪ ነው፤
አርባ ቀን ከአጥማጆቹ፣ አሥር ቀን ከኛ ጋር፣
የዘንድሮው አሥር ቀን አለቀ በጣውላ ነገር።

በኛ በክላክስቪክ ዛፍ ማለት ብርቅ ነው፣
ከጓሮ የቆመችውን አንዷን በስም ነው የምንጠራው፤
እንጨት እንደ እንግዳ በመርከብ ይመጣል፣
አለዚያ ማዕበል ጨው አጥግቦ፣ አገርጥቶ፣ ከዳር ይተፋዋል።

ከቤተ መጻሕፍት ሦስት ንድፍ ይዞ ገባ።
አንዱ ሠላሳ ስድስት ብሎን ይላል፣
አንዱ የቤተ መንግሥት ጓዳ ይመስላል፣
ሦስተኛውን ገለጠ፣ አየ፣ መልሶ ዘጋ፤
"ይህን የሣለ ሰው" አለ፣
"ድስት ካስቀመጡት ቦታ የሚቀር መስሎታል።"
አልገባኝም። ሹራቤን ቀጠልሁ፣
ከዚያ በላይ አልጠየቅሁ።

የመርከቡን የስንቅ ዝርዝር ገለበጠ፣
ድንች ሁለት መቶ ኪሎ፣ ዱቄት፣ ቀይ ሽንኩርት፣
በጀርባው ላይ በአናጢ እርሳስ ሣለላት።
ከግድግዳ አስጠግቶ ቁመቷን ሲለካት
ተንጠራራች በጣቷ፣ ትልቅ መባል አምሯት፤
ሁለቱንም ቁጥር ጻፈ፣ የእውነቱን እና የምኞት።

ከፍታው ሃምሳ ሁለት ሳንቲሜትር፣ ከእምብርቷ ዝቅ ያለ፤
በሩ የዓሣ ሳጥን ክዳን፣ ሦስቴ ተልጎ ዛሬም ሽታው ያልተነቀለ፤
ማጠፊያው ከአሮጌ ጫማዬ የተቆረጠ ቆዳ፣ ጣት እንዳይነክስባት፤
ማጠቢያው ጎኑ የተሰረጎደ የብረት ሳህን፤
የእሳት ማብሪያዎቹ ከመጥረጊያ እንጨት
እንደ ካሮት የተከተፉ።

በአምስተኛው ቀን ምድጃውን አጥር አጠረው፣
ሁለት ጣት የሚሆን። መደርደሪያውን ከንፈር ሰጠው፣
ቁም ሳጥኑን ቀረቀረው፣ ኩባያውን ሁሉ በመንጠቆ ሰቀለው።
"ሆግኒ" አልሁት፣ "ድስቱ የት ይሸሻል? ወለላችን እኮ አይሄድም።"
እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፤
"ምድጃ እንዲህ ነው" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

በአሥራ አንደኛው ቀን መርከቡ ተነሣ።
በሁለተኛው ምሽት ከመኝታ ቤቷ
"ያዝ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ፣ እንጨት ከእንጨት ሲላተም።
በበሩ ስንጥቅ አየሁ፤
እግሮቿን ከፍታ፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ፣
በአንድ እጇ አጥሩን ጨብጣ፣
ድስቱን ወደ ግራ ትለቀዋለች፤ ይሄዳል፣ አጥሩን ይመታል፣
ወደ ቀኝ ይመለሳል፣ ይመታል።
ለድቧ ሾርባ ቀዳች፤ እስከ ግማሽ ብቻ።
"ሙሉ አይቀዳም" አለችው፣ "ማዕበል አለ። በኋላ ይደገምልሃል።"

አሥራ ሦስት ዓመት ስጠይቀው ኖሬያለሁ፣
እዚያ እንዴት ነው? ስለው
"ደህና ነው" ነው መልሱ።
ለራንቫ ግን ነገራት፣ በጣውላ።

ስትተኛ ንድፉን ከመሳቢያ አወጣሁ።
ከማጠቢያው ጥግ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ቀስት ስቦ
"እዚህ ጋ ዳሌ ይደገፋል" ይላል፤
እውነትም ያቺ ጠርዝ ብቻዋን
ተልጋ ተልጋ ክብ ሆናለች።
ተንበረከክሁ፤ ቆሜማ አይደርሰኝም።
ዳሌዬን አስጠጋሁ። ልክ ነው።
ወለሉ አልተንቀሳቀሰም።
እኔ ግን አጥሩን ያዝሁት።

ትናንት ጎረቤቴ ማርዩን ንድፉን ለመነችኝ፣
የልጅ ልጇን እንዲሁ ወጥ ቤት አሰኝቶታል።
"ያቺን አጥር ተያት" አለች፣ "እንጨት ትበላለች፤
እኛ ቤት መርከበኛ የለ።"
በቀጭን ወረቀት ገለበጥሁላት፣
ብሎኑን በቁጥር፣ ቆዳውን በልኩ፣
አጥሩንም አልተውሁ፤
ከጀርባው ደግሞ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣
ድንቹን፣ ዱቄቱን፣ ቀይ ሽንኩርቱንም ጻፍሁ።