ስድስት ባር

ስልኬ የጮኸው ሊነጋጋ ሲል ነው፤
"ቦይለሬ አለቀሰ፤ ልጄ፣ ና እየው።"
እትዬ አሰገደች። ካዛንቺስ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሊፍት የሚሉት ነገር በስሙም የማይታወቅ።
መፍቻዬን፣ ቴፍሎኔን፣ ጌጄን በከረጢት
ይዤ ደረጃውን ወጣሁ በዚያ ብርድ ጧት።

ደጁ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ቆማ፣
"ስማ" አለችኝ ገና፣ ሰላምታም ሳታሰማ።
ሰማሁ።
ጠብ።
ቆየት ብሎ፣ ጠብ።

ባልዲው አፉ ደርሶ ሊገነፍል ሲል
ነጩ ቦይለር ከላይ ሆዱን ነፍቶ ይስላል።
"ሟቹ ነው የገዛው፣ ነፍሱን ይማረውና፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳል አያውቅም፣ ጤና!
አሁን ቀን ደህና ይውላል፤ ሌሊት ነው የሚብሰው፤
ልክ እንደ ጥርስ ሕመም፤ አያስተኛም ሰው።"

እኔ ግን በሽታን ከሰው አፍ አልሰማም፤
ብረት ነው የምጠይቅ፤ ብረት ሰው አያማም።
በመፍቻዬ እጀታ ሆዱን መታ መታ፤
ከላይ ጥርት ያለ ድምፅ፣ ከታች የደለል ዝምታ።
ትንሽ ኖራ ይዞታል፤ ይህ ግን አይገድለውም።
ማብሪያውን አጠፋሁ፤ ጠብታው አልቆመም።
እንግዲያስ ከእሳቱ፣ ከሙቀቱ አይደለም።
የሴፍቲውን ቫልቭ ፈታሁት፤ አየሁት፤
ጎማው ገና ልስልስ፣ ስንጥቅ የሌለበት።
አዲስ ቀየርኩለት። ጠብ አለ አዲሱ!
እንዲህ ሲሆን ነው መቼም ሰው በራሱ
የሚፈርደው።

"ግፊት ነው" አልኳት።
"የእኔው ግፊት?" አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ፤
"ኪኒኔን ውጫለሁ ገና ጎህ ሳይታይ።"
"ያንቺን ሐኪም ይወቀው፤ ይኼኛው የውሃው ነው።"

ጌጄን ከቧንቧው አፍ ጠምዝዤ ገጠምኩት፤
መርፌው ሁለትን፣ ሦስትን አለፈ፤ እያየሁት
ስድስት ላይ ቆመ።
ስድስት ባር!
ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር?
ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በጥፍሬ ነካ፤
ንቅንቅም አላለ። እውነቱን ነው ለካ።

"ድሮኮ" አለችኝ "ውሃ እዚህ አይደርስም ነበር።
ታች ጥሩአየር ልብስ ከዘፈዘፈች፣ የእኔ ቤት ድርቅ ነበር።
ሐጂ ሙዘይን ለሱብሒ ሲነሱ
የእኔ ሻወር ያዛጋል፤ እሳቸው እስኪጨርሱ
ሳሙና እንደለበስኩ ቆሜ እጠብቃለሁ።
መንትዮቹ ሲታጠቡ ደግሞ ወለሉን በጫማ እደቃለሁ፦
'ዝጉት!' እያልኩ።"

"አሁንስ?" አልኳት።
ጋቢዋን ሳበች።

"ሐጂ ፊት ለቀቁ፣ ልጃቸው ጋ፣ አየር ጤና፤
ጥሩአየር ገላን ናት፤ ትደውላለች ገና።
መንትዮቹ ጎሮ። መጨረሻ የቀሩት
እነ ልብስ ሰፊው ነበሩ፤ ፍራሹን በጋሪ ጫኑት።
የእኔ ቀን ጥር ነው።"

ያኔ ነው የገባኝ።
ለስምንት ቤት ብሎ ከመንገድ የሚወጣ፣
ሌሊት ከተማው ሲተኛ ብሶበት የሚመጣ፣
ስምንት ጉሮሮን አጠጥቶ የኖረ፣
ሰባቱ ተዘጉ፤ በአንዷ ላይ አደረ።
ቦይለሩ አልታመመም። የሚጋራው አጣ።

ይህን አልነገርኳትም። "ግፊት ቀናሽ ልግጠም" አልኩ፤
ተክለሃይማኖት ሄጄ ገዝቼ ተመለስኩ።
ሦስት ባር ላይ አሰርኩት። ጠብታው ዝም አለ።
ቆመን አዳመጥን፤ ምንም የሚሰማ የለ።
ሒሳቤን ቆጥራ ሰጠችኝ፤ አንድም ቃል አልተከራከረችም።
ባልዲውን ግን ከሥሩ አላነሳችም።

በመጨረሻ ስወርድ፣ ከደረጃው ሥር፣
ቆጣሪዎቹን አየሁ፤ ስምንት በአንድ መስመር።
ሰባቱ መስታወታቸው አቧራ ለብሶ ቆመዋል።
በስምንተኛው ውስጥ ቀይዋ ትንሽ መዘውር፣
ዝግ ብላ፣ ትዞራለች፤
ሻይ ልትጥድ ይሆናል።
ከጧት ጀምሮ ሦስቴ አልፌያቸዋለሁ፣
ስልክ ጆሮዬ ላይ፣ ከረጢት ትከሻዬ ላይ፤
በሽታው እበሩ ላይ ተጽፎ፣ ሳላይ።