ነገ ተመለስ

ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ኖሬያለሁ፣
የጅማን ቤት ሁሉ በቁጥር አውቃለሁ።
ከአዌቱ ወዲህ፣ ከአዌቱ ማዶ፣
የማን አጥር ገፍቶ፣ የማን መሬት ሄዶ፣
ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ እጄ ያገኘዋል፤
ካላገኘው ደግሞ «ነገ ና» ይለዋል።

ዘንድሮ በሐምሌ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ፣
ከክልል ተልኮ ደብዳቤ ደረሰ።
«ድጎማ ፈቅደናል» ይላል መጀመሪያው፤
ጭብጨባው ሳያልቅ ግን መጣ ኋለኛው፦
«ብሩ የሚለቀቀው ሦስት ሆናችሁ ስትመጡ፣
ጅማ፣ አጋሮ፣ ሰርቦ፣ ሳትበላለጡ፣
በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስትቀመጡ።»
ኃላፊው ሳቀና መነጽሩን ወለወለ፣
«ሰርቦ ምን አላት?» አለ።

አንድ የፍሳሽ ቦቴ ለሦስት ከተማ፤
ሁሉም ይናገራል አንዱ አንዱን ሳይሰማ።
ቀን የት ይምጠጥ አይደል ጠቡ የነበረው፣
ማታ በማን ግቢ፣ በማን ቁልፍ ነው የሚያድረው።
«እኛ ጋ አጥር አለ።» «እኛ ጋ ዘበኛ።»
«የእናንተ ዘበኛ? ከመኪናው ቀድሞ ማታ የሚተኛ!»
በየስብሰባው ላይ «ድር ቢያብር» ይባላል፤
ድሩን ማን ይፍተለው ሲሉት ሰው ያዛጋል።
በሦስተኛው ቀን ላይ፣ ሻይ ቀዝቅዞ፣ ሰው ደክሞ፣
ሹፌሩ አባመጫ እጁን አወጣና
«ቤቴ ሰርቦ ነው» አለ፣ «እንቅልፍ አለኝና።»
ተፈረመ።

ከዚያ መጣ ደግሞ «የአቅም ግንባታ»።
ይህን ቃል አውቀዋለሁ፦
አዳማ ሆቴል ውስጥ ቦርሳና ማስታወሻ፣
የውሎ አበል ፊርማ እስከ መጨረሻ፤
ስንመለስ መዝገቡ ያው አቧራ ለብሶ፣
ቦርሳችን አድጎ፣ ሥራችን ግን አንሶ።

ዘንድሮ ሆቴል የለም፤ አሠልጣኝ ተብላ፣
ሲቲና መጣች ከአጋሮ፣ ጃንጥላ አንጠልጥላ።
በልጄ ዕድሜ ናት። ጫማዋ ላይ ጭቃ።
«አባባ፣ አንድ ፋይል እንፈልግ?» አለችኝ።
«የማንን?»
«የማንንም።»
ጅማን አጋሮ ሊያስተምር! አልኩኝ ለራሴ፤
ቁልፉን ሰጠኋት ግን፣ እያጉረመረመች ነፍሴ።
ኋላ ነው የሰማሁት፦
አጋሮ መዝገቧን ምስጥ በልቶባት ነው
ከዜሮ ጀምራ መቁጠር የተማረችው።

ካርድ በየቀበሌው፣ ክር በየቀለሙ፣
የወጣበት ቀኑ፣ የወሰደው ስሙ።
በአሥራ አንደኛው ቀን ከመደርደሪያው ኋላ፣
እርጥብ ግድግዳ ላይ፣ ጠርዙን አይጥ የበላ፣
አንድ ሰማያዊ ፋይል ወጣ ተጣብቆ፤
ስሙ በእጄ ጽሕፈት፣ ቀለሙ ተፍቆ፦
ተማም አባዱራ።
የግንጆው ልብስ ሰፊ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያች መስኮት በኩል
ቆቡን ያስተካክላል፣
«ዛሬስ?» ይለኛል፣
«ነገ ተመለስ» እለዋለሁ።
አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣም።
አንድ ቀን ግን አልመጣም።

ልጁን አስጠራናት፣ ሸምሲያን።
ፈረመች። ፋይሉን አላገላበጠችም።
«የት ነበር?» አለች።
«ከግድግዳው ኋላ» አልኩ፣ እንደ ልጅ አንገቴን ደፍቼ።
«አባቴ» አለች፣ «‹ፋይሉስ አለ፣ ሰውየው ደክሞት ነው› ይል ነበር።»
ሲቲና ክሯን ትጠቀልላለች።
ዝናቡ በባልዲው ውስጥ ይቆጥራል።

የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ለድጎማው ሰጪ።
«የተገኘ ውጤት» የሚል ሳጥን አለው፤
«አንድ ፋይል» ብዬ በእጄ ሞላሁለት።
ኃላፊው ሰረዘና
«ዘጠና በመቶ» ብሎ ጻፈበት።

ሰኞ ተራዬ ነው። ሰርቦ ላሠለጥን
ካርድና ክር ይዤ ቦቴው ጋቢና ውስጥ።
አባመጫ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፣
«ይሸታል፣ ይቅርታ» ይለኛል።
ምን ችግር አለው፣ እለዋለሁ፤
ከዚህ የባሰ ሸቶኝ ያውቃል።